ፍቅረኛዬ «ደም ማነስ ነው» ብሎ ያምናል

ጥያቄ፦

ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጽሑፍዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። ዛሬ ግን የራሴን ጉድ ይዤ መጣሁ።

የ28 ዓመት ሴት ነኝ። የምኖረው አዲስ አበባ ነው። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ ጥርሴን ስቦርሽ ድዴ መድማት ጀመረ። እግሬ ላይም ደቃቅ ቀያይ ነጠብጣቦች ወጡ። አለርጂ መስሎኝ ተውኩት። ብዙም ሳይቆይ የወር አበባዬ መጥቶ አልቆም ሲለኝ ሆስፒታል ሄድኩ። ፕላትሌትሽ፣ ማለትም ደም እንዲረጋ የሚያደርገው የደም ሕዋስሽ፣ 6,000 ነው አሉኝ። ተኛሁ። መቅኔዬ ሳይቀር ተመረመረ። በመጨረሻ አይቲፒ ነው፣ ሰውነትሽ የራሱን ፕላትሌት እያጠፋ ነው ተባልኩ።

ከዚያ ወዲህ ፕሬድኒሶሎን የሚባል የስቴሮይድ ኪኒን እየወሰድኩ ነው። መጠኑ ከፍ ሲል ፕላትሌቴ 90,000 ይደርሳል። ሲቀነስ ተመልሶ ይወርዳል። አሁን 24,000 ነው። ፊቴ አብጧል፤ ወፍሬያለሁ። ሌሊት እንቅልፍ የለኝም። በሆነው ባልሆነው አለቅሳለሁ። ሰው ሲያገኘኝ ደግሞ «ተመቸሽ!» ይለኛል። ሐኪሜ ባለፈው ቀጠሮ ጣፊያዬ በቀዶ ሕክምና ቢወጣ ይሻላል አለኝና አስቢበት ብሎ ላከኝ።

እናቴ ኦፕራሲዮን የሚባል ነገር መስማት አትፈልግም። «ጣፊያው የወጣ ሰው፣ ሰው አይሆንም» ትላለች። ኪኒኑን ትተሽ፣ ጾሙን ይዘሽ ጠበል ግቢ ነው የምትለኝ። አክስቴ ደግሞ መጥፎ ደም ስለሆነ ዋግምት ይደረግላት ባይ ናት። አንዴ እናቴን ደስ ይበላት ብዬ ኪኒኑን በአንድ ጊዜ አቁሜ ነበር። ራሴን ስቼ ወደቅኩ።

ትልቁ ጭንቀቴ ግን ፍቅረኛዬ ነው። ሦስት ዓመት አብረን ነን። እሱ የሚያውቀው ደም ማነስ እንዳለብኝ ብቻ ነው። ኪኒኑን የምይዘው በቫይታሚን ብልቃጥ ውስጥ ነው። ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ሊልክ ነው። እናቴ «ከነገርሽው ይሄዳል፤ ከተጋባችሁ በኋላ ቀስ ብሎ ይወቅ» ትለኛለች። በቅርቡ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ክንዴ በልዞ አየችና ለብቻዬ ጠርታ «ይመታሻል እንዴ?» አለችኝ። ደንግጬ ዝም አልኳት። አሁን ሊወስደኝ ሲመጣ ቢሮ ያሉት ሰላምታ እንኳን በቅጡ አይሰጡትም። እሱ ምን እንደሆነ ግራ ገብቶታል።

ልንገረው? ጣፊያዬን ላስወጣ? ልጅስ መውለድ እችላለሁ? ቀጣዩ ቀጠሮዬ ከፋሲካ በፊት ነው። እባክዎ ይድረሱልኝ።

ግራ የገባኝ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። የጠየቅሽኝ ሦስት ነገር ነው። እኔ ግን ቶሎ ብለሽ ያለፍሽው አንድ ቦታ ላይ ቆየሁ። ባልደረባሽ «ይመታሻል እንዴ?» ስትልሽ ዝም ያልሽበት ላይ። ከእሱ ልጀምር፤ ወደ ሌሎቹም እመጣለሁ።

ለምን ዝም እንዳልሽ ይገባኛል። «አይ፣ አይመታኝም» ብትዪ ኖሮ ቀጥሎ የሚመጣው «ታዲያ ምን ሆነሽ ነው?» የሚለው ነው። ለዚያ የሚሆን መልስ አላዘጋጀሽም ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ነገሩን ይዘሽ የቆየሽው አንቺን ብቻ የሚነካ መስሎሽ ነው። አሁን ግን ምንም የማያውቅ ሰው ስሙ እየጠፋ ነው፤ ለዚያውም የምትወጂው ሰው። ይህን የምልሽ ልወቅስሽ አይደለም። የዚህ ክፍል መፍትሔ ቀላል ስለሆነ ነው። ነገ ሻይ ሰዓት ላይ ባልደረባሽን ለብቻዋ ጥሪያት። «የዛን ቀን ደንግጬ ነው። እሱ ነክቶኝ አያውቅም። ሰውነቴ በትንሽ ነገር የሚበልዝ የደም ሕመም አለብኝ፣ ሕክምና ላይ ነኝ» በያት። በቂ ነው። የበሽታውን ስምም ሆነ ፋይልሽን ማውጣት አይጠበቅብሽም። ለሌሎቹም እንድታስተካክልልሽ ለምኛት። በነገራችን ላይ ይህች ሴት ጥሩ ሰው ናት። አብዛኛው ሰው የበለዘ ክንድ አይቶ በሆዱ ይዞ ያልፋል። እሷ ግን ጠየቀችሽ።

አሁን ወደ እሱ። ልንገረው ወይ ላልሽው መልሴ አዎ ነው። ሽማግሌው ሳይመጣ ንገሪው።

ምክንያቴ ግን «ትዳር በእውነት ላይ ይቆማል» የሚለው አይደለም። እሱን ከእኔ ይልቅ ሠርግ ላይ የሚመርቁት አባቶች ያሳምሩታል። የእኔ ምክንያት ሌላ ነው። ይህ ሕመም አጠገብሽ የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል። እስቲ አስቢው። አንድ ማታ ራስሽን ያምሻል። እሱ ስለሚወድሽ ሮጦ ፋርማሲ ይሄዳል። ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ይዞልሽ ይመጣል። እነዚህ መድኃኒቶችና አስፕሪን ያሉሽ ጥቂት ፕላትሌቶች ሥራቸውን በደንብ እንዳይሠሩ ያደርጋሉ። ላንቺ የሚሻለው ፓራሲታሞል እንደሆነ እሱ በምን ይወቅ? ወይም ሰፈር ያለ ክሊኒክ ይወስድሽና ዳሌሽ ላይ መርፌ ይወጉሻል። ፕላትሌቱ እንዲህ የወረደ ሰው ጡንቻ ውስጥ ሲወጋ እዚያው ሊደማ ይችላል።

ከዚህ የባሰውን ደግሞ አስቢ። ወድቀሽ ራስሽን ስተሽ ድንገተኛ ክፍል ያደርስሻል። ሐኪሙ «ምን አለባት?» ሲለው «ደም ማነስ» ይላል። የሚያውቀው እሱን ብቻ ነዋ! «ምን መድኃኒት ትወስዳለች?» ሲባል ቫይታሚን ይላል። እዚያ ሰዓት ላይ አንቺ መናገር አትችይም። ስለዚህ ለማንም ከመንገርሽ በፊት፣ ዛሬውኑ፣ ኪኒኑን ከዚያ ብልቃጥ አውጪና ወደ ራሱ ማሸጊያ መልሺው። ቦርሳሽ ውስጥም በትንሽ ወረቀት ጽፈሽ ያዢ፦ አይቲፒ እንዳለብሽ፣ ፕሬድኒሶሎን በስንት መጠን እንደምትወስጂ፣ አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ እንዳይሰጡሽ፣ የምትታከሚበትን ቦታና የቅርብ ሰው ስልክ።

እሱ ማወቅ ያለበት የአደጋ ምልክትም አለ። ከሌላው ጊዜ የተለየ ኃይለኛ ራስ ምታት፣ በተለይ ከማስመለስ ወይም ከመደናገር ጋር። ጥቁር ሬንጅ የመሰለ ዓይነ ምድር። ሽንት ውስጥ ደም። ጫን ብላችሁ ይዛችሁትም የማይቆም ነስር። አፍ ውስጥ የሚወጡ ደም ያዘሉ እብጠቶች። ጭንቅላትን መመታት፣ ምንም ባያደማ እንኳን። ከእነዚህ አንዱ ከታየ ቀጠሮ አይጠበቅም፣ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ነው።

እንዴት ልንገረው ትዪ ይሆናል። ካፌ ውስጥ አይሁን። መኪና ውስጥ እየነዳም አይሁን። ረጋ ያለ ቦታ፣ ጊዜ ባላችሁ ቀን ይሁን። ይቅርታ በመለመን ባትጀምሪው ደስ ይለኛል። መታመም ጥፋት አይደለም። «ከሽማግሌው በፊት ማወቅ ያለብህ ነገር አለ። ደም ማነስ ያልኩህ ሙሉው እውነት አይደለም። ፈርቼ ነው የደበቅኩህ» ብትዪው መንገዱ ይከፈታል። ከሕመሙ ይልቅ መደበቅሽ ሊከፋው ይችላል፤ በተለይ ያ ብልቃጥ። ቢቆጣ ወይም ዝም ቢል እንደ እምቢታ አትቁጠሪበት። አንቺ ነገሩን ለመልመድ ሁለት ዓመት ነበረሽ። ለእሱም ጥቂት ቀን ስጪው።

ሊሄድ ይችላል ወይ? ይችላል። አይሄድም ብዬ ልዋሽሽ አልችልም። ግን የእናትሽን ሐሳብ እስቲ ገልብጠሽ እዪው። እሱ እንዲህ ያለ ሕመም ኖሮበት ከሠርጉ በኋላ ብልቃጡን ራስሽ ብታገኚው ምን ይሰማሽ ነበር? ደግሞስ ስንት ወር ትደብቂዋለሽ? አብራችሁ ልትኖሩ ነው። ቀጠሮ አለ፣ የደም ምርመራ አለ፣ የበለዘ ሰውነት አለ። ከጋብቻ በኋላ የሚሄድ ሰው ጥሎ የሚያልፈው ጉዳት አሁን ከሚሄድ ሰው ይበልጣል ባይ ነኝ።

ለሽማግሌዎቹ ግን መንገር የለብሽም። ሽማግሌ ፊት የሕክምና ፋይል አይዘረጋም። ለእሱ ቤተሰብ ይነገር ወይ፣ መቼ ይነገር የሚለውን ሁለታችሁ ተመካከሩበት።

ሲሰማ መጀመሪያ የሚጠይቅሽን እገምታለሁ። «ይተላለፋል? ካንሰር ነው? የዘር ነው?» ይልሻል። አይተላለፍም። ካንሰር አይደለም። ብዙውን ጊዜ በዘር የሚወረስም አይደለም። ሰውነትሽን ከጀርም የሚጠብቀው መከላከያ ተሳስቶ የራስሽን ፕላትሌቶች እንደ ጠላት ቆጥሯቸዋል። የገዛ ቤቱን ልጅ የሚነክስ የግቢ ውሻ በይው። የሚያመርተው ፀረ እንግዳ አካል ፕላትሌቶቹ ላይ ይለጠፋል። ከዚያ በተለይ ጣፊያ ውስጥ እየተያዙ ይበላሉ። መቅኔውም የጠፋውን በበቂ መጠን አይተካም። ጤነኛ ሰው በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ከ150,000 እስከ 450,000 ፕላትሌት አለው። ላንቺ 24,000 የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። አንቺ የሠራሽው ነገር የለም። የበላሽውም፣ የተቆጣሽውም፣ የሰው ዓይንም አይደለም።

ይህ እንዴት እንደታወቀ አንድ ታሪክ ልንገርሽ፤ ለሦስተኛው ጥያቄሽም ስለሚጠቅም ነው። በፈረንጆቹ 1950 አሜሪካ ሴንት ሉዊስ ውስጥ ዊልያም ሃሪንግተን የሚባል ወጣት ሐኪም ነበር። ያንቺ ዓይነት ሕመም ካለባት ታካሚ ደም አስቀድቶ ወደ ገዛ ራሱ አስገባ። ዛሬ ቢሆን ማንም የሚፈቅድለት አይመስለኝም። ፕላትሌቱ በሰዓታት ውስጥ አሽቆለቆለ። ሰውነቱ በለዘ፣ እስከ መንቀጥቀጥ ደረሰ። በቀናት ውስጥ ግን ተመልሶ ዳነ። ፕላትሌት የሚያጠፋው ነገር ደሟ ውስጥ እንዳለ በዚህ ታወቀ። እሱ የዳነበትም ምክንያት ግልጽ ነው። የተቀበለው ፀረ እንግዳ አካል ሲያልቅ የራሱ ሰውነት ሌላ አላመረተም። በመሳም፣ በመተኛት፣ አብሮ በመብላት ግን ምንም አይተላለፍም። ደም መለገስ ግን ላንቺ አይሆንም።

አሁን ልጁን ልመልስልሽ። አዎ፣ አይቲፒ ያለባቸው አብዛኞቹ ሴቶች ወልደው ይስማሉ። ፀረ እንግዳ አካሉ በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ሕፃኑ ሊያልፍ ይችላል። አንዳንድ ሕፃናት ሲወለዱ ፕላትሌታቸው ዝቅ ይላል። ልክ እንደ ሃሪንግተን ግን የተበደሩት ስለሆነ በሳምንታት ውስጥ ያልቃል። ከባድ መድማት የሚደርስባቸው በጣም ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህ ሕፃኑ እንደተወለደ ደሙ ይመረመራል፣ ለጥቂት ቀናትም ይከታተሉታል። አንቺም በእርግዝናው ጊዜ ቶሎ ቶሎ ትታያለሽ። ፕሬድኒሶሎንና በደም ሥር የሚሰጠው ኢሚውኖግሎቡሊን በእርግዝና ጊዜም ያገለግላሉ። አይቲፒ ስላለ ብቻ በኦፕራሲዮን መውለድ ግዴታ አይሆንም።

አንድ ነገር ግን አደራ። እርግዝናው በዕቅድ ይሁን። ለዚህ ሕመም ከሚሰጡ መድኃኒቶች ውስጥ ፅንስን የሚጎዱ አሉ፤ ማይኮፌኖሌትና ዳናዞል ለምሳሌ። ሐኪምሽ አዲስ መድኃኒት ባዘዘልሽ ቁጥር «ልወልድ አስባለሁ» ማለት አትርሺ። እሱ ካልጠየቀሽ አንቺ ንገሪው።

እናትሽ ጋ ልምጣ። እናትሽን አትቆጫት። ልጇ ድዷ እየደማ ሆስፒታል ስትገባ ያየች እናት ናት። ልጄን ሊቀዷት ነው ሲሏት በቀራት መንገድ ሁሉ ትሟገታለች። ጠበሉን አትከልክዪያት፣ አንቺም ሂጂ። ኪኒኑን ተዪ የሚለው ግን በፍጹም አይሆንም። ራስሽን ስተሽ የወደቅሽው ያለ ምክንያት አይደለም። ስቴሮይድ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች የራሳቸውን ስቴሮይድ ማምረት ያቆማሉ። ኪኒኑ በአንድ ጊዜ ሲቋረጥ ሰውነት ባዶውን ይቀራል። ግፊት ይወርዳል፣ ሰው ይዝለፈለፋል፣ ለሕይወትም ያሰጋል። መቀነስ የሚቻለው ቀስ በቀስ፣ በሐኪም እጅ ነው። ያን ቀን ምን እንደሆንሽም ለሐኪምሽ ነግረሽዋል? ካልነገርሽው ንገሪው።

እናትሽ የቤተ ክርስቲያን ሰው ትመስለኛለች። የንስሐ አባታችሁ ጋ አብራችሁ ሂዱ። ነፍሳቸውን ይማርና ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በኤችአይቪ ዘመን ይህንኑ ክርክር ሰምተው ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብራችሁ ውሰዱ፣ አንዱ ሌላውን አይከለክልም ብለው በአደባባይ አስተምረዋል። የእናትሽን ልብ ከእኔ መቶ ቃል የእሳቸው አንዱ ይገዛዋል። ስለ ጾሙም እዚያው አንሺ። ፕሬድኒሶሎን ጠዋት ከምግብ ጋር ሲወሰድ ለጨጓራም ለእንቅልፍም ይሻላል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድሽን ሆነሽ ኪኒን ስትውጪ ጨጓራሽ ይጎዳል። ለታመመ ሰው ጾም እንዴት እንደሚቀልለት የንስሐ አባትሽ ያውቃሉ።

የአክስትሽ ዋግምት ግን አይሞከርም። በሃያ አራት ሺህ ፕላትሌት ቆዳን በጥቶ ደም መሳብ ራስን ለአደጋ መስጠት ነው። ጥርስ መነቀልም ሐኪምሽ ሳያውቅ አይሆንም። የሚጠጣ የባህል መድኃኒትም እንደዚያው። ምን እንዳለበት የማይታወቅ ነገር ጉበትሽን ቢጎዳው ሌላ ጣጣ ነው።

ጣፊያውን በተመለከተ እኔ ሐኪም አይደለሁም። አስወጪም አታስወጪም አልልሽም። ግን ባዶ እጅሽን ሄደሽ «እሺ» ወይም «እምቢ» ብቻ ብለሽ እንዳትመለሺ የምትጠይቂውን ልስጥሽ።

የጣፊያ ቀዶ ሕክምና አዲስ ነገር አይደለም። በፈረንጆቹ 1916 ፕራግ ውስጥ ፖል ካዝኔልሰን የሚባል የሕክምና ተማሪ ለመምህሩ ሐሳብ አቅርቦ ነው የተጀመረው። ከመቶ ዓመት በኋላም ከሦስት ሰው ሁለቱ ያህል ለረጅም ጊዜ ይሻላቸዋል። ይህ ትልቅ ቁጥር ነው፤ ብዙ መድኃኒት እንዲህ አይሠራም። ጣፊያ የሌለው ሰውም ሰው ነው፤ ይሠራል፣ ይወልዳል፣ ያረጃል። እናትሽ እዚህ ላይ ተሳስተዋል። በሌላ በኩል ከሦስት አንዱ አይሆንለትም። የወጣ ጣፊያ ደግሞ አይመለስም። ሕመሙ በመጀመሪያው ዓመት ራሱ ሊሻለው ስለሚችል ሐኪሞች ቢያንስ 12 ወር መጠበቅን ይመርጣሉ። አንቺ ያን አልፈሻል። ስለዚህ ሐኪምሽ ያለ ጊዜው አላነሳውም።

ጣፊያ ከወጣ በኋላ ግን ዕድሜ ልክ የሚጠበቅ ነገር አለ። አንዳንድ ባክቴሪያዎች ደም ውስጥ ሲገቡ ሰውነት ቶሎ አይቋቋማቸውም። ስለዚህ ከቀዶ ሕክምናው ቢያንስ ሁለት ሳምንት በፊት እነዚህን ባክቴሪያዎች የሚከላከሉትን የኒሞኮከስ፣ የማጅራት ገትርና የሂብ ክትባቶች መውሰድ ያስፈልጋል። ክትባቶቹ የት እንደሚገኙና ስንት እንደሆኑ አስቀድመሽ አጣሪ። ከዚያ በኋላ ትኩሳት ሲይዝሽ «ብርድ ነው» ብለሽ አትተኚም፣ በዚያው ሰዓት ትታከሚያለሽ። ወባም ስለሚበረታ ቆላ ስትወርጂ አጎበርና የመከላከያ መድኃኒት የግድ ነው። ዘመዶችሽ ጋምቤላ ወይም አርባ ምንጭ ካሉ ይህን ከውሳኔሽ ጋር አስቢው።

ከቢላው በፊት ግን አንድ ሁለት ነገር ጠይቂ። የመጀመሪያው የጨጓራ ባክቴሪያ፣ ኤች ፓይሎሪ፣ ተመርምሮልሻል ወይ የሚለው ነው። አገራችን ውስጥ በጣም የተስፋፋ ነው፤ በዓይነ ምድር ይመረመራል። አይቲፒ ያለባቸው አንዳንድ ሰዎች ይህ ባክቴሪያ ሲታከምላቸው ፕላትሌታቸው ከፍ ይላል። ለሁሉም አይሠራም። ግን ሕክምናው ብዙ ጊዜ የሁለት ሳምንት ኪኒን ነው። ሆድ ሳይከፈት ይህ ቢሞከር ምን ይጎዳል? ኤችአይቪ፣ የጉበት ቫይረስና ሉፐስ መታየታቸውንም ጠይቂ፤ ሲጀመር ታይተው ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ሌሎቹ መድኃኒቶች ናቸው። አዛታዮፕሪን፣ ዳፕሶን፣ ሪቱክሲማብ የሚባሉ አሉ። መቅኔው ብዙ ፕላትሌት እንዲያመርት የሚገፋ ኤልትሮምቦፓግ የሚባል ኪኒንም አለ፤ አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በፈረንጆቹ 2008 ነው። ዋጋው ውድ ነው። ሲወሰድም ከወተት፣ ከአይብ፣ ከብረት ኪኒንና ከጨጓራ ማስታገሻ በሰዓታት መራቅ አለበት፤ ጾመኛ ሰው ቢያንስ ከወተቱ ይገላገላል። አገር ውስጥ ይገኛል ወይ፣ በስንት፣ ስንት ወር የሚለውን ጠይቂ። ውጭ አገር ዘመድ ቢኖርሽም ያለ ሐኪምሽ ትእዛዝ እንዳታስልኪ። ሁለተኛ ሐሳብ ብትፈልጊም ነውር አይደለም። እስካሁን የደም ሕክምና ስፔሻሊስት ካላየሽ ጥቁር አንበሳን ጨምሮ ትልልቅ ሆስፒታሎች ሪፈር እንዲጻፍልሽ ጠይቂ።

ሦስተኛውንና እኔን በጣም የሚያሳስበኝን ልጨምር። ፕሬድኒሶሎንን ለዓመታት መውሰድ ራሱ አንድ ምርጫ ነው፤ ምንም እንዳልወሰንሽ አይቆጠርም። የአሜሪካ የደም ሐኪሞች ማኅበር በፈረንጆቹ 2019 ባወጣው መመሪያ ለአዲስ ታካሚ ስቴሮይድ ቅነሳውን ጨምሮ ከስድስት ሳምንት በላይ እንዳይረዝም ይመክራል። አንቺ ሁለት ዓመት ሆኖሻል። አጥንት ይሳሳል፣ ስኳርና ግፊት ይመጣል። የፊትሽ ማበጥ፣ ውፍረቱ፣ እንቅልፍ ማጣቱ፣ ለቅሶውም ቢሆን ከኪኒኑ ሊሆን ይችላል። ሐኪምሽ ጣፊያውን ያነሳው ከዚህ ሊያወጣሽ ፈልጎ ይመስለኛል። ስለዚህ ጥያቄሽን «ጣፊያዬ ይውጣ ወይስ አይውጣ?» ከማለት «ከዚህ ኪኒን በየትኛው መንገድ ልውጣ?» ብለሽ ብታነሺው መልሱ ይሰፋል።

ግቡም 150,000 መድረስ አይደለም። ብዙ አዋቂዎች ከ30,000 በላይ ሆነው ካልደሙ ያለ መድኃኒት ይጠበቃሉ። ቁጥሩ ትንሽ በወረደ ቁጥር እንቅልፍ የምታጪ ከሆነ ይህን ያዢ። ዋናው ይደማሻል ወይ ነው። የወር አበባሽ አሁንስ እንዴት ነው? ጽፈሽልኝ አላየሁም። ፓድ በየሰዓቱ የሚርስ ከሆነ ወይም ከሳምንት በላይ የሚቆይ ከሆነ ለሐኪምሽ ንገሪው፤ መድማቱን የሚቀንስ ትራኔክሳሚክ አሲድ የሚባል ኪኒን አለ። ያኔ «ደም ማነስ» ያልሽውም እውነት ሊሆን ይችላልና ሄሞግሎቢንሽንና የብረት መጠንሽን ያዩልሽ። ሁልጊዜ የሚሰማሽ ድካም ካለም ስንፍና አይደለም። ይህ ሕመም ያለባቸው ብዙ ሰዎች ድካምን ይናገራሉ።

ፊትሽ መጠኑ ሲቀነስ በወራት ውስጥ ይመለሳል። «ተመቸሽ!» ለሚልሽ ሰው ደግሞ «መድኃኒት ነው» ብለሽ እለፊው፤ ራሱ ያፍራል። ለቅሶው ግን ከበረታ፣ በሕይወት መቆየት እስከ መጥላት ካደረሰሽ፣ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ሄደሽ ተናገሪ። እሱም ሕክምና አለው።

ቀጠሮሽ ከፋሲካ በፊት ነው ብለሻል። ሽማግሌው ከፋሲካ በኋላ ነው። መሐል ያለው ጊዜ ይበቃል። በዚህ ሳምንት ለፍቅረኛሽ ንገሪው። ቀጠሮው ቀን አብሮሽ እንዲመጣ ጠይቂው። እናትሽም ከፈቀዱ ይምጡ፤ ሐኪሙን ራሳቸው ይጠይቁት። ጥያቄዎቹን በወረቀት ጻፊና ወረቀቱን ለእሱ ስጪው። አንቺ ስትደነግጪ እሱ ያነባል። ያለፉትን የፕላትሌት ውጤቶችሽንም ከነቀናቸውና ከኪኒኑ መጠን ጋር በአንድ ገጽ ላይ ደርድሪ፤ የሒሳብ ሰው ነሽና ይህ አያቅትሽም። ሐኪምሽ ምን እንዳለሽ ደግሞ ጻፊልኝ።